ከኮምፒውተሩ ጓዳ፡- የማህደረ ትውስታ ድልድል የሚያስከፍለው ዋጋና የከርነል ባለሙያዎች ምርጫ

በአንድ ተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ ሙዚቃ እየተደመጠ ሳለ ካሜራው ሲከፈት ሙዚቃው ድንገት ቀጥ ሊል ይችላል። የስልኩ ባለቤት መሳሪያው የተበላሸ ይመስለውና አጥፍቶ ያበራዋል። ይሁንና በአብዛኛው የተበላሸ ነገር አይኖርም። ካሜራው በአንድ ጊዜ ሰፊ የማህደረ ትውስታ ቦታ ጠይቋል፤ የቀረው ቦታ ለሁለቱም አልበቃም፤ ስርዓቱም አንዱን አገልግሎት ለማቆየት ሲል ሌላውን አሰናብቷል።

የዚህ ዓይነቱ ውሳኔ መነሻ ተጠቃሚው ፈጽሞ በማያየው የሶፍትዌር ክፍል ውስጥ ይገኛል። ይህ ክፍል ከርነል ይባላል። ከርነል የስርዓተ ክወና እምብርት ነው። ፕሮሰሰሩ በየቅጽበቱ ለየትኛው ፕሮግራም እንደሚሰራ፣ ፋይል በዲስክ ላይ የት እንደሚቀመጥ፣ ከኔትወርክ የመጣ መልዕክት ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው እርሱ ነው። ከዚህም በላይ የኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ለሌሎች ፕሮግራሞች የሚያድለው ከርነል ለራሱ ስራ የሚያስፈልገውንም የሚወስደው ከዚያው ግምጃ ቤት ነው።

በከርነል ዓለም በነጻ የሚገኝ ማህደረ ትውስታ የለም። እያንዳንዱ ጥያቄ በጊዜ፣ በቦታ ወይም በአስተማማኝነት ይከፈላል። ፈጥኖ ማግኘት የሚፈልግ አንዳንድ ጊዜ እምቢታን መቀበል ይኖርበታል። እምቢታን የማይፈልግ ደግሞ መጠበቅን ወይም አስቀድሞ ቦታ ይዞ ማስቀመጥን ይመርጣል። የከርነል ፕሮግራመር የዕለት ተዕለት ስራም ከእነዚህ ዋጋዎች የትኛውን መክፈል እንደሚሻል ማመዛዘን ነው።

ለጉዳዩ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ሊኑክስ ነው። ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው ይህ ከርነል የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት በመሆኑ አሰራሩን ከውስጥ መመርመር ይቻላል። በአሁኑ ወቅት በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው ዓለም በብዙዎች እጅ የሚገኙት የአንድሮይድ ስልኮች የሚሰሩት በሊኑክስ ከርነል ነው። ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ ደግሞ በዓለም ቀዳሚ 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ የሰፈሩት ሁሉ ይህንኑ ከርነል ይጠቀማሉ። አንድ ከርነል 1 ጊጋ ባይት ማህደረ ትውስታ ያለውን ስልክም ሆነ ሺህ ፕሮሰሰሮች ያሉትን ግዙፍ ማሽን ማገልገል ስለሚኖርበት የድልድሉ ጉዳይ ይበልጥ ይወሳሰባል።

ተራ ፕሮግራምና ከርነል ማህደረ ትውስታን የሚይዙበት ሁኔታ በእጅጉ ይለያያል። አንድ ተራ ፕሮግራም 100 ሜጋ ባይት ሲጠይቅ ከርነሉ በአብዛኛው የሚሰጠው ተስፋ ብቻ ነው። ትክክለኛው ቦታ የሚተላለፈው ፕሮግራሙ በቦታው መጠቀም ሲጀምር፣ ያውም በጥቂት በጥቂቱ ነው። ፕሮግራሙ የወሰደውን ሳይመልስ ቢቀር ወይም ያልተፈቀደለትን አድራሻ ቢነካ ከርነሉ ያቆመውና የያዘውን ሁሉ ይሰበስባል። ጉዳቱም ከዚያ ፕሮግራም አያልፍም።

ከርነሉ ግን ከበላዩ የሚሰበስብለት የለም። የሊኑክስ ከርነል ለራሱ የወሰደው ማህደረ ትውስታ እንደ ሌሎች ፕሮግራሞች ይዞታ ወደ ዲስክ ተዛውሮ ቦታ አይለቅም። በስህተት ሳይመለስ የቀረ ቦታም ማሽኑ ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ እንደተያዘ ይቆያል። በየሰዓቱ ጥቂት ባይቶችን የሚያፈስ ጉድለት በአንድ ቀን ላይታወቅ ይችላል፤ ለዓመት ሳይጠፋ በሚሰራ ሰርቨር ላይ ግን ውሎ አድሮ አገልግሎቱን ያንቃል። ከርነሉ በተሳሳተ አድራሻ ላይ ከጻፈ ደግሞ የሚወድቀው አንድ ፕሮግራም ሳይሆን መላው ማሽን ሊሆን ይችላል።

የመስሪያ ቦታውም ጠባብ ነው። በሊኑክስ ላይ የሚሰራ አንድ ተራ ፕሮግራም ለጊዜያዊ ስሌቶቹ የሚጠቀምበት ስታክ የተባለ ቦታ እንደተለመደው እስከ 8 ሜጋ ባይት ሊያድግ ይችላል። ባለ 64 ቢት በሆኑት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ ከርነሉ ለእያንዳንዱ ተግባር የሚመድበው ስታክ ግን 16 ኪሎ ባይት ብቻ ነው። ይህም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2014 ከ8 ኪሎ ባይት በእጥፍ ካደገ በኋላ የተገኘ መጠን ነው። በመሆኑም ትልቅ ሰንጠረዥ በስታክ ላይ ማስቀመጥ ለከርነል ፕሮግራመር ክልክል ያህል ነው። ሰፋ ያለ ቦታ የፈለገ ሁሉ ወደ ግምጃ ቤቱ መሄድ አለበት።

ግምጃ ቤቱ የሚለካው ገጽ በሚባል መስፈሪያ ሲሆን በተለመዱት ኮምፒውተሮች የአንድ ገጽ መጠን 4 ኪሎ ባይት ወይም 4 ሺህ 96 ባይት ነው። ከርነሉ ስለ እያንዳንዱ ገጽ፣ ማን እንደያዘውና በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚገልጽ መዝገብ ይይዛል። ይህ መዝገብ በባለ 64 ቢት ማሽን ላይ በተለመደው አደረጃጀት ለአንድ ገጽ 64 ባይት ይወስዳል። 1 ጊጋ ባይት ማህደረ ትውስታ 262 ሺህ 144 ገጾች ስላሉት መዝገቡ ብቻውን 16 ሜጋ ባይት ይሆናል። 16 ጊጋ ባይት ባለው ማሽን ላይ ደግሞ 256 ሜጋ ባይት ይደርሳል። አንድም ፕሮግራም ሳይከፈት ከጠቅላላው ማህደረ ትውስታ 1 ነጥብ 56 በመቶው ለሂሳብ አያያዝ ውሏል ማለት ነው።

ገጾቹ የሚታደሉበት ዋነኛ ስልት ባዲ ይባላል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ባልንጀራን የሚያመለክት ሲሆን ስልቱን ኬኔት ኖልተን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጽሁፍ አስተዋውቀውታል። አሰራሩ አንድን ሰፊ መሬት እኩል ለሁለት እየከፈሉ ከማደል ጋር ይመሳሰላል። ነጻው ቦታ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ እስከ 1 ሺህ 24 ገጾች በሚደርሱ ተከታታይ ክፍልፋዮች ተመድቦ ይቀመጣል። 2 ገጽ የሚፈልግ ጠያቂ ሲመጣ ያለው ባለ 8 ገጽ ቦታ ብቻ ቢሆን፣ ቦታው ወደ ሁለት ባለ 4 ገጾች ይከፈላል፤ አንዱ ባለ 4 ደግሞ ወደ ሁለት ባለ 2 ገጾች ይከፈላል። ጠያቂው ሲመልስም ጎረቤት የሆነው የቦታው መንትያ ባዶ መሆኑ ይታያል፤ ባዶ ከሆነ ሁለቱ ተመልሰው ይዋሃዳሉ።

የስልቱ ጥቅም ፍጥነቱ ነው። የአንድ ቦታ መንትያ የሚገኝበትን አድራሻ በቀላል ስሌት ማወቅ ስለሚቻል ረጅም ፍለጋ አያስፈልግም። ዋጋው የሚከፈለው በቦታ ነው። ድልድሉ በእጥፍ እያደገ በሚሄድ መጠን ስለሆነ 5 ገጽ የሚበቃው ጠያቂ 8 ገጽ ይወስዳል፤ ትርፍ የሆኑትን ሦስቱን ለይቶ ካልመለሰ በስተቀርም ያለ ስራ ይቀመጣሉ።

ከዚህ የከፋው ችግር የቦታ መበጣጠስ ነው። አንድ ማሽን ለወራት ሲሰራ ከቆየ በኋላ ነጻ ገጾቹ እዚህም እዚያም ተበታትነው ይገኛሉ። ነጻው ቦታ በድምሩ 100 ሜጋ ባይት ሆኖ ሳለ 4 ሜጋ ባይት የሚሆን ተከታታይ ቦታ ሊጠፋ ይችላል። በጎተራው እህል እያለ መስፈሪያ የሚሞላ ማግኘት ያቅታል እንደማለት ነው። በተለይም ከርነሉ ለራሱ የያዛቸውን ገጾች ከቦታቸው ማንቀሳቀስ አስቸጋሪ ስለሆነ አንድ ገጽ ብቻ በመሀል ተተክላ ሰፊውን ቦታ ለሁለት ልትከፍለው ትችላለች።

ሊኑክስ ለዚህ ችግር ደረጃ በደረጃ መፍትሄ ሲያበጅ ቆይቷል። የሚንቀሳቀሱና የማይንቀሳቀሱ ገጾችን ከመነሻው ለይቶ በየሰፈራቸው የማስቀመጥ አሰራር እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ በሆነው እትም ውስጥ ተካቷል። በ2010 ደግሞ የሚንቀሳቀሱትን ገጾች ወደ አንድ ጥግ እየሰበሰበ ተከታታይ ቦታ የሚያስገኝ የማጠጋጋት ስራ ተጨምሯል። በሁለቱም ስራዎች ሜል ጎርማን የተባሉት ባለሙያ ዋነኛ ድርሻ ነበራቸው። ማጠጋጋቱ ግን ገጾችን ከቦታ ቦታ መገልበጥን ስለሚጠይቅ የቦታው ዋጋ በጊዜ ተከፈለ እንጂ አልቀረም።

ከርነሉ በዋናነት የሚፈልገው ግን ሙሉ ገጽ እንኳን አይደለም። አንድ ፋይል ሲከፈት፣ አንድ ግንኙነት ሲጀመር ወይም አዲስ ተግባር ሲፈጠር ስለዚያ ጉዳይ የሚመዘገበው መረጃ ከጥቂት አስር ባይቶች እስከ ጥቂት ሺህ ባይቶች ይደርሳል። ለ100 ባይት መዝገብ ባለ 4 ሺህ 96 ባይት ገጽ መስጠት ለአንድ እንግዳ ሙሉ ድንኳን እንደመትከል ይቆጠራል።

ለዚህ መፍትሄ ያመጡት በሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ ይሰሩ የነበሩት ጄፍ ቦንዊክ ናቸው። ባለሙያው ስላብ የተባለውን ስልት እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በተካሄደ የዩዝኒክስ ጉባዔ ላይ አቅርበዋል። ስልቱ በኩባንያው ሶላሪስ 2.4 ስርዓተ ክወና ላይ ውሏል። የቦንዊክ ዋና ግንዛቤ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ወጪ ቦታውን ማግኘት ሳይሆን ቦታውን ለስራ ማዘጋጀት መሆኑ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ያሉ ቁልፎች፣ ቆጣሪዎችና ሰንሰለቶች አንድ በአንድ መስተካከል አለባቸው። መዝገቡ በተመለሰ ቁጥር ይህን ሁሉ አፍርሶ እንደገና መገንባት ትርፍ ድካም ነው።

ስለሆነም ስላብ ከባዲ የወሰዳቸውን ገጾች አንድ ዓይነት መጠን ወዳላቸው ክፍሎች ይከፋፍላቸዋል። ተጠቅሞ የተመለሰውንም ሳያፈርስ ለቀጣዩ ጠያቂ ያቆየዋል። በቅርቡ የተመለሰው ክፍል ቀድሞ ስለሚታደልም ይዘቱ በፕሮሰሰሩ ጎን ባለችው ፈጣን ጊዜያዊ ማከማቻ፣ ካሽ በምትባለው ውስጥ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ከካሽ የሚነበብ መረጃ በአንድ ወይም በጥቂት ናኖ ሰከንድ ሲደርስ፣ ከዋናው ማህደረ ትውስታ የሚመጣው 100 ናኖ ሰከንድ ገደማ ሊፈጅ ይችላል።

በሊኑክስ ውስጥ ፕሮግራመሩ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይመርጣል። የመጀመሪያው ኬማሎክ የተባለው አጠቃላይ ጥሪ ነው። ኬማሎክ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 96፣ 128፣ 192፣ 256 እያለ የሚቀጥል የተዘጋጀ መስፈሪያ ስላለው የተጠየቀውን መጠን ወደሚቀጥለው መስፈሪያ ከፍ አድርጎ ይሰጣል። ሁለተኛው ለአንድ ዓይነት መዝገብ ብቻ የሚያገለግል የራስ መጋዘን ማቋቋም ነው።

ልዩነቱን በስሌት ማየት ይቻላል። 100 ባይት የሚፈልግ መዝገብ በኬማሎክ 128 ባይት ይሰጠዋል፤ በአንድ ገጽም 32 መዝገቦች ይገባሉ። በራሱ መጋዘን ግን መጠኑ ለአድራሻ አመቺነት ወደ 104 ባይት ብቻ ከፍ ስለሚል በአንድ ገጽ 39 መዝገቦች ይቀመጣሉ። መዝገቦቹ አንድ ሚሊዮን ቢሆኑ የመጀመሪያው መንገድ 31 ሺህ 250 ገጾች፣ ሁለተኛው ደግሞ 25 ሺህ 642 ገጾች ይፈጃል። ልዩነቱ ወደ 22 ሜጋ ባይት ይጠጋል። መዝገቦቹ ሃያ ብቻ ከሆኑ ግን የራስ መጋዘን ማቋቋሙ ከሚያተርፈው ይልቅ የሚያስወጣው ይበልጣል። ምርጫው በመዝገቡ ብዛት ላይ የተመሰረተ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሰፊ ቦታ ለሚፈልግና ገጾቹ በእርግጥ ተከታታይ ባይሆኑም ለማይቸገር ጠያቂ ሦስተኛ መንገድ አለ። ቪማሎክ የሚባለው ይህ ጥሪ ተበታትነው የሚገኙ ገጾችን ሰብስቦ ለፕሮግራሙ እንደተከታታይ እንዲታዩ ያደርጋል። የመበጣጠስን ችግር ያቃልላል፤ በአንጻሩ የአድራሻ ሰንጠረዥ ማስተካከልን ስለሚጠይቅ ይዘገያል። በማህደረ ትውስታ ላይ በቀጥታ ለሚጽፉና ተከታታይ ገጽ ለሚሹ የሃርድዌር መሳሪያዎችም አያገለግልም። እ.ኤ.አ. በ2017 የተጨመረው ኬቪማሎክ ሁለቱን አጣምሯል። በቅድሚያ ተከታታይ ቦታ ይሞክራል፤ ሲያጣ ወደ ተበታተኑት ይሄዳል።

እስካሁን የተጠቀሰው በአብዛኛው የቦታን ዋጋ የሚመለከት ነው። የጊዜው ዋጋ ደግሞ አንድ መሰረታዊ ጥያቄ ያስነሳል፤ ጠያቂው መጠበቅ ይችላል ወይስ አይችልም? በሊኑክስ እያንዳንዱ የማህደረ ትውስታ ጥያቄ ለዚህ መልስ የሚሰጥ ምልክት ይዞ ይቀርባል። ጂኤፍፒ ከርነል የተባለው ምልክት ያለው ጠያቂ መጠበቅ ይችላል። ቦታ ከጠፋ ከርነሉ ጠያቂውን አስተኝቶ የቆዩ ገጾችን ወደ ዲስክ ይጽፋል፤ ቦታ አስለቅቆም ይሰጠዋል። ጂኤፍፒ አቶሚክ የሚል ምልክት ያለው ግን ለአፍታም መተኛት አይችልም።

መጠበቅ የማይችሉት እነማን ናቸው? የኔትወርክ ካርድ መልዕክት ሲደርሰው ፕሮሰሰሩን ኢንተራፕት በተባለ አቋራጭ ምልክት ከያዘው ስራ ላይ ይጠራዋል። ይህን ጥሪ የሚያስተናግደው ኮድ ቢተኛ የሚቀሰቅሰው አይኖርም። ስፒንሎክ የሚባለውን ቁልፍ ይዞ የሚሰራ ኮድም እንዲሁ ነው። ቁልፉን እንደያዘ ቢተኛ ሌሎቹ ፕሮሰሰሮች ቁልፉን እየጠበቁ ባሉበት ሲሽከረከሩ ማሽኑ ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ጠያቂ ያለውን ወዲያውኑ ያገኛል፤ ለአስቸኳይ ጊዜ ከተቀመጠው መጠባበቂያም እንዲነካ ይፈቀድለታል፤ ከጠፋ ግን እምቢታውን ተቀብሎ መመለስ አለበት።

የኔትወርኩ ጉዳይ የጊዜን ዋጋ በቁጥር ያሳያል። በሰከንድ 10 ጊጋ ቢት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ ትንንሾቹ መልዕክቶች በሙሉ ፍጥነት ከመጡ ብዛታቸው በሰከንድ 14 ነጥብ 88 ሚሊዮን ይደርሳል። ለአንድ መልዕክት የሚተርፈው ጊዜ 67 ናኖ ሰከንድ ብቻ ነው። ከዋናው ማህደረ ትውስታ አንድ ጊዜ ማንበብ ብቻውን ከዚህ በላይ ሊፈጅ እንደሚችል ከላይ ተመልክቷል። በመሆኑም ለእያንዳንዱ መልዕክት አዲስ ቦታ ከመጠየቅ ይልቅ ብዙ ቦታ በአንድ ጥሪ መውሰድ ወይም የተወሰኑ ገጾችን ደጋግሞ መጠቀም በፈጣን የኔትወርክ ኮድ ውስጥ የተለመደ አሰራር ሆኗል።

ቦታ የሚገኘው ቦታ በማስለቀቅ ሲሆን ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ ይፈጠራል። የቆየ ገጽ እንዲለቀቅ በቅድሚያ ወደ ዲስክ መጻፍ አለበት እንበል። ወደ ዲስክ ለመጻፍ የሚሰራው ኮድ ራሱ ጥቂት ማህደረ ትውስታ ይፈልጋል። ግምጃ ቤቱ ባዶ ከሆነ ጸሐፊው ቦታ እስኪገኝ ይጠብቃል፤ ቦታውም ጸሐፊው እስኪጽፍ ይጠብቃል። ሁለቱ ሲጠባበቁ ማሽኑ ይቆማል።

የከርነል ባለሙያዎች ለዚህ ያበጁት መፍትሄ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። እድር ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን የሚገዛው ሐዘን በደረሰ ዕለት አይደለም፤ አስቀድሞ ገዝቶ በመጋዘኑ ያስቀምጣል። በከርነል ውስጥም ሜምፑል የተባለው አሰራር የተወሰኑ መዝገቦችን በደህናው ጊዜ ወስዶ ለክፉ ቀን ያኖራል። ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ ወደ ዲስክ የሚጽፈው ክፍል ከዚህ መጠባበቂያ ተበድሮ ስራውን ይጨርሳል፤ ሲጨርስም ይመልሳል። እዚህ ላይ የሚከፈለው ዋጋ በአብዛኛው ጊዜ ያለ ስራ ተቀምጦ የሚቆየው ቦታ ነው፤ የሚገኘው ደግሞ እርግጠኝነት ነው።

ይህ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር የመጨረሻው እርምጃ ይወሰዳል። ከርነሉ በስራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች በሚይዙት ማህደረ ትውስታ መጠን ነጥብ ሰጥቶ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘውን ያስወግዳል። የማሽኑ አስተዳዳሪ ለአንድ ፕሮግራም ከአሉታዊ 1 ሺህ እስከ አዎንታዊ 1 ሺህ የሚደርስ ማስተካከያ በመስጠት ነጥቡን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይችላል። አሉታዊ 1 ሺህ የተሰጠው አይነካም። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ደግሞ ሁኔታው እዚህ ሳይደርስ ከበስተጀርባ ያሉ መተግበሪያዎችን አስቀድሞ የሚዘጋ የራሱ አገልግሎት አለ። በጽሁፉ መግቢያ የተጠቀሰውን ዓይነት የሙዚቃ መቋረጥ የሚያስከትለውም እርሱ ነው።

የመጨረሻው እርምጃ እንኳን የማይሰራበት ጊዜ አለ። በሊኑክስ ውስጥ ለረጅም ጊዜ በቆየ ልማድ መሰረት መጠበቅ የሚችል ጠያቂ ከ8 ገጽ፣ ማለትም ከ32 ኪሎ ባይት ያልበለጠ ቦታ ከጠየቀ ከርነሉ እምቢ አይለውም ማለት ይቻላል። እስኪያገኝለት ደጋግሞ ይሞክራል፤ ካስፈለገም ሌላ ፕሮግራም ያስወግዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ በባለሙያዎቹ መካከል ሰፊ ክርክር ያስነሳው ይኸው ልማድ ነበር። እንዲወገድ የተፈረደበት ፕሮግራም በሌላ ጠያቂ እጅ ያለን ቁልፍ ይጠብቃል፤ ያ ጠያቂ ደግሞ ቁልፉን እንደያዘ ማህደረ ትውስታ ይጠብቃል። ቦታው የሚለቀቀው የተፈረደበት ሲሞት፣ እርሱም የሚሞተው ቁልፉ ሲለቀቅ ስለሆነ ማሽኑ በዚያው ይደርቃል።

ጥያቄዎቹ በግልጽ እምቢ እንዲባሉ ማድረግም ቀላል መፍትሄ አልነበረም። ትንንሽ ጥያቄዎች ለዓመታት እምቢ ተብለው ስለማያውቁ እምቢታን የሚያስተናግደው ኮድ በተግባር አልተፈተነም። ባልተፈተነ ኮድ ላይ ድንገት መተማመን ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። በ2016 ሚካል ሆኮ የተባሉት ባለሙያ ያዘጋጁት ማሻሻያ ተጨምሮ፣ የተፈረደበት ፕሮግራም ገና ሳይሞት የያዘውን ማህደረ ትውስታ በአብዛኛው መንጠቅ ተችሏል። ሆን ብሎ ጥያቄዎችን እምቢ በማለት የኮዱን ብቃት የሚፈትን መሳሪያም በከርነሉ ውስጥ ይገኛል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ብሂል በዚህ ሙያም ይሰራል።

የድልድሉ ስልት ራሱ ምን መሆን አለበት የሚለው ጥያቄም ለረጅም ጊዜ ሲያነጋግር ቆይቷል። የመጀመሪያው የሊኑክስ ስላብ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰርና የማህደረ ትውስታ ክፍል የራሱን ወረፋ ይይዝ ነበር። በትንሽ ማሽን ላይ ይህ አይጎዳም። ሺህ ፕሮሰሰሮች ባሉት ማሽን ላይ ግን ለወረፋዎቹ ብቻ በርካታ ጊጋ ባይት እንደሚታሰር ክሪስቶፍ ላሜተር እ.ኤ.አ. በ2007 አመለከቱ። እርሳቸው ያቀረቡት ስሉብ የተባለው ስልት ወረፋዎቹን በማስቀረትና አሰራሩን በማቅለል በዚያው ዓመት ወደ ከርነሉ ገባ። ማት ማካል ያዘጋጁት ስሎብ ደግሞ ጥቂት ማህደረ ትውስታ ላላቸው አነስተኛ መሳሪያዎች ታስቦ ከ2006 ጀምሮ ከጎናቸው ነበር።

ሦስት ስልት መያዝ ለተጠቃሚው ምርጫ ቢሰጥም ለባለሙያዎቹ ሦስት እጥፍ የጥገና ስራ ነበር። አንድ አዲስ ችሎታ ሲጨመር በሦስቱም ላይ መሰራትና መፈተሽ አለበት። በመጨረሻም ስሎብ በ2023፣ ስላብ ደግሞ በ2024 ከሊኑክስ ወጥተው ስሉብ ብቻውን ቀርቷል። ለአነስተኛ መሳሪያዎችም ስሉብ ራሱ ቦታ እንዲቆጥብ የሚያደርግ የአደረጃጀት አማራጭ ተዘጋጅቶለታል። ምርጫ ማብዛትም ዋጋ እንዳለው ይህ ሂደት አሳይቷል።

ከፍጥነትና ከቦታ በተጨማሪ የደህንነት ጉዳይ አለ። አንድ ኮድ የመለሰውን ቦታ እንደራሱ አድርጎ መጠቀሙን ከቀጠለ፣ ቦታው ለሌላ ተሰጥቶ ሊሆን ስለሚችል የሌላውን መረጃ ያነብባል ወይም ያበላሻል። አጥቂዎች ወደ ስርዓቱ ሰብረው ለመግባት ከሚጠቀሙባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ይኸው ነው። እንዲህ ያሉ ስህተቶችን ለመያዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ካሳን የተባለ መሳሪያ ወደ ሊኑክስ ገብቷል። አጠቃላይ በሚባለው አሰራሩ መሳሪያው ለክትትል ብቻ የማህደረ ትውስታውን አንድ ስምንተኛ ይወስዳል፤ ፍጥነትንም በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ በዋናነት የሚውለው በሙከራ ጊዜ ነው። በ2021 የተጨመረው ኬፌንስ ደግሞ ጥቂት ጥያቄዎችን ብቻ በናሙና ስለሚከታተል በአገልግሎት ላይ ባለ ማሽን ውስጥም ሊሰራ ይችላል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሩስት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ወደ ከርነሉ እንዲገባ የተደረገውም ከዚሁ ስጋት ጋር በተያያዘ ነው። ቋንቋው ብዙዎቹን የማህደረ ትውስታ ስህተቶች ኮዱ ስራ ላይ ከመዋሉ በፊት ይከለክላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 ሃሳቡ ሲቀርብ ሊኑስ ቶርቫልድስ አንድ ነገር አጥብቀው ተቃውመዋል። በተለመደው የሩስት አሰራር ማህደረ ትውስታ ሲጠፋ ፕሮግራሙ ባለበት ይቆማል። ለተራ ፕሮግራም ይህ የሚያስኬድ ሊሆን ይችላል፤ ከርነል ግን አንድ ጥያቄ እምቢ ስለተባለ ብቻ ሊቆም አይገባውም። በመሆኑም እያንዳንዱ ጥያቄ እምቢ ሊባል እንደሚችል ታስቦ የድልድሉ ክፍል ተስተካክሏል። ሩስት በሊኑክስ 6.1 እትም በዲሴምበር 2022 ለመጀመሪያ ጊዜ ተካትቷል።

ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ትምህርት በጥቂት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል። የከርነል ፕሮግራመር ቦታ ከመጠየቁ በፊት በእርግጥ አዲስ ቦታ ያስፈልገኝ እንደሆነ፣ ስንት መዝገብ እንደምይዝ፣ ገጾቹ ተከታታይ መሆን ይኖርባቸው እንደሆነ፣ መጠበቅ እችል እንደሆነ፣ እምቢ ብባልስ ምን እንደማደርግ ብሎ ራሱን ይጠይቃል። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋ፣ ሲዘነጋም ብዙ የሚያስከፍል ነው።

ስልኩን ከፍቶ ፎቶግራፍ የሚያነሳ ሰው ስለ ባዲም ሆነ ስለ ስሉብ ማወቅ አይጠበቅበትም። መልዕክቱ በሰዓቱ ሲደርስ፣ ያስቀመጠው ፋይል ሳይበላሽ ሲገኝ፣ ማሽኑ ለወራት ሳይቆም ሲሰራ ግን በጓዳው ያለው ሂሳብ በትክክል ተሰርቷል ማለት ነው። ሙዚቃው ተቋርጦ ስልኩ ስራውን ሲቀጥልም ዋጋው ተከፍሏል፤ የተከፈለውም መላው ስልክ እንዳይቆም ነው።